ወታደሩ ወጥቶ ደንቡ የቀረበት፦ የቺሊ ከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን

ማርች 10 ቀን 1990 ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ የቺሊን ፕሬዚዳንትነት ለተመራጩ ለፓትሪሲዮ አይልዊን ሊያስረክቡ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ በአገሪቱ የመንግሥት ጋዜጣ ላይ አንድ የትምህርት ሕግ ታትሞ ወጣ። ሕጉ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሚቋቋምና ማን ዕውቅና እንደሚሰጠው፣ በአስተዳደሩስ ውስጥ እነማን ድምፅ እንደማይኖራቸው የሚደነግግ ሲሆን፣ ለማሻሻል በፓርላማው ውስጥ ከሰባት አራት እጅ ድምፅ እንዲጠይቅ ተደርጎ የተቀረጸ ነበር። ሥልጣን የሚለቅ መንግሥት በመጨረሻው ቀኑ ስለ ጦሩ ወይም ስለ ፖሊሱ ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማውጣቱ ለአምባገነን መንግሥታት የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ ተመራማሪ ትልቅ ጥያቄ ነው። ይህ የጉዳይ ጥናት ያንን ጥያቄ ይዞ ከ1973 እስከ 1990 ያለውን ሂደት ይከታተላል፤ ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አምባገነን መንግሥት በዩኒቨርሲቲ ላይ ምን ያደርጋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ስለ እስርና ስለ ስደት፣ ስለ ተባረሩ መምህራንና ስለ ተዘጉ የትምህርት ክፍሎች ይሆናል። በቺሊ ይህ ሁሉ ደርሷል፤ ሊረሳም አይገባውም። ነገር ግን ከዚያ አገዛዝ ረጅም ዕድሜ ያገኘው በግቢው በር ላይ የቆመው ወታደር አልነበረም። ዘልቆ የቆየው ገንዘብ ለየትኛው ተቋም እንደሚሄድና ተማሪው ስንት እንደሚከፍል የወሰነው ደንብ ነው። የመጀመሪያው ጊዜያዊ አፈና፣ ሁለተኛው ዘላቂ መዋቅር ነበር፤ የሶሲዮሎጂ ጥናትም ይበልጥ ሊያተኩርበት የሚገባው ሁለተኛው ይመስለኛል።

ከመፈንቅለ መንግሥቱ በፊት የነበረው

ከ1973 በፊት ቺሊ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሯት። ሁለቱ የመንግሥት ነበሩ፤ በ1842 የተመሠረተውና አንድሬስ ቤዮ የመጀመሪያው ሬክተር (የበላይ አስተዳዳሪ) የሆኑበት የቺሊ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም በ1947 የተቋቋመው የመንግሥት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ። ስድስቱ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ወይም የግል ድርጅት ንብረቶች ቢሆኑም በጀታቸው በአብዛኛው ከመንግሥት ካዝና ይመጣ ስለነበር፣ ተማሪው በየትኛውም ቢገባ የሚከፍለው ክፍያ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

በ1967 በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዋናውን ሕንፃ ከያዙ በኋላ የተነሣው የተሐድሶ እንቅስቃሴ የስምንቱንም ውስጣዊ አሠራር ለወጠው። መምህራን፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች በየድርሻቸው ሬክተር የሚመርጡበት ሥርዓት ተዘረጋ፤ የማታና የክፍለ ሀገር ትምህርት ተስፋፋ፤ በዩኒቨርሲቲዎቹ የሚማሩ ወጣቶች ቁጥርም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አድጎ በ1973 ወደ 146 ሺህ ደረሰ። ግቢዎቹ በዚያው መጠን የፖለቲካ ትግሉ መድረክ ሆኑ፤ በሶሻሊስቱ ፕሬዚዳንት በሳልቫዶር አሌንዴ መንግሥት ደጋፊና ተቃዋሚ መካከል ያለው ፍጥጫ ከአዳራሾቹ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። በዚህ ምክንያት ጦሩ ሥልጣን ሲይዝ ዩኒቨርሲቲን እንደ ጠላት ምሽግ ማየቱ አያስገርምም።

ሬክተሩ ጄኔራል ሲሆን

ጦሩ የአሌንዴን መንግሥት የገለበጠበት መፈንቅለ መንግሥት ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ተካሄደ። በማግሥቱ ወታደሮች በሳንቲያጎ የሚገኘውን የመንግሥት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በኃይል ገብተው፣ ሌሊቱን በዚያ ያሳለፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ መምህራንንና ተማሪዎችን አሰሩ። ከታሰሩት መካከል በዩኒቨርሲቲው የሚሠራው ሙዚቀኛና የቴአትር አዘጋጅ ቪክቶር ሃራ ይገኝበታል፤ ወደ ስታዲየም ተወስዶ በቀናት ውስጥ ተገደለ። የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ኤንሪኬ ኪርበርግም ከአሌንዴ ሚኒስትሮች ጋር በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ ወዳለችው የዳውሰን ደሴት ተግዘው ታሰሩ።

በኦክቶበር መጀመሪያ የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 50 የተመረጡ ሬክተሮችን ሥልጣን አስቀርቶ በጁንታው፣ ማለትም ሥልጣን በያዘው የጦር አዛዦች ቡድን፣ የሚሾሙ ‹‹ልዑክ ሬክተሮችን›› ተካ። በቺሊ ዩኒቨርሲቲ የተመረጡት ኤድጋርዶ ቦኒንገር ወንበራቸውን ለቀው የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሴሳር ሩይስ ዳንያው ገቡ፤ በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲም ከባሕር ኃይል የመጡት አድሚራል ሆርሄ ስዌት እስከ 1985 ድረስ አስተዳደሩ። የልዑክ ሬክተሩ ሥልጣን ሰፊ ነበር፤ መምህርን ያባርራል፣ ተማሪን ይሰርዛል፣ የትምህርት ክፍል ይዘጋል፣ ምክር ቤት ይበትናል። ሶሲዮሎጂና ፖለቲካል ሳይንስን የመሰሉ ዘርፎች የመጀመሪያዎቹ ተጠቂዎች ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ማዕከላት ሙሉ በሙሉ ተዘጉ፣ ሌሎቹ ለዓመታት አዲስ ተማሪ መቀበል አቆሙ።

ይህ ዘመን እስከ 1980 ድረስ ይዘልቃል፤ ጠባዩን ‹‹መቀነስ›› በሚል አንድ ቃል መግለጽ ይቻላል። የመንግሥት በጀት ቀነሰ፤ ለአዲስ ተማሪዎች የሚከፈቱ ቦታዎች ቀነሱ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጠቅላላ ቁጥርም በ1980 ወደ 119 ሺህ ወረደ። ወጣቱ ሕዝብ እየጨመረ በነበረበት አገር የተማሪ ቁጥር በዚህ መጠን መውረዱ፣ የመግቢያ ፈተናውን አልፈው በር የተዘጋባቸው እጅግ ብዙ እንደነበሩ ያሳያል። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ በእነዚህ ሰባት ዓመታት ጁንታው ሰዎቹን ቢለውጥም መዋቅሩን አለመንካቱ ነው፤ ስምንቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስምንት እንደሆኑ፣ ገንዘባቸውም በዋናነት ከመንግሥት እንደመጣ ቀጠሉ።

ከግቢ የተባረረው ጥናት

የተባረሩት ተመራማሪዎች የት ሄዱ የሚለው ጥያቄ ለጉዳዩ ከዳር የሚነሣ ጥያቄ አይደለም፤ ስለ ፖሊሲው ዛሬ የምናውቀው ነገር ከየት እንደመጣ የሚነግረን እርሱ ነውና። ብዙዎቹ ተሰደዱ። የቀሩት ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በውጭ ድርጅቶች ከለላ ሥር ትንንሽ የምርምር ማዕከላትን መሠረቱ። የሳንቲያጎው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ በ1975 ያቋቋሙት የክርስቲያናዊ ሰብእና አካዳሚ ጁንታው በቀላሉ ሊዘጋው የማይችል ጥላ ሆነ፤ በ1976 ከካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ኢኮኖሚስቶች ሲየፕላን የተባለውን ማዕከል ከፈቱ፤ ከ1957 ጀምሮ በሳንቲያጎ የነበረው የላቲን አሜሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ተቋም ፍላክሶም በአነስተኛ አቅም ሥራውን ቀጠለ። ደመወዙ በአብዛኛው የሚከፈለው ከአሜሪካው ፎርድ ፋውንዴሽን፣ ከስዊድንና ከካናዳ የልማት ምርምር ተቋማት በሚመጣ ገንዘብ ነበር።

በፍላክሶ ይሠሩ የነበሩት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ሆሴ ሁዋኪን ብሩነርና ባልደረቦቻቸው፣ ያባረራቸውን ዩኒቨርሲቲ ራሱን የጥናት ርእስ አደረጉት። የነበሩበት ሁኔታ አስቸጋሪ ነበር፤ ተማሪ የላቸውም፣ ዲግሪ አይሰጡም፣ ወደ ግቢ ገብተው መጠይቅ ማስሞላት አይችሉም፤ ስለዚህ በይፋ በሚወጡ ሰነዶች፣ በድንጋጌዎች፣ በበጀት ሠንጠረዦችና በሬክተሮች ምክር ቤት የተማሪ አሐዛዊ መረጃዎች ላይ መደገፍ ነበረባቸው። ይህ ግዴታ ያልታሰበ ጥቅም ሰጠ ባይ ነኝ። ትኩረታቸው ከግቢ ውስጥ ታሪኮች ይልቅ በደንቦችና በገንዘብ ፍሰት ላይ እንዲያርፍ በመገደዱ፣ በ1981 የመጣውን ለውጥ ምንነት ቀድመው ካዩት መካከል ሆኑ። በአንጻሩ ደግሞ የተራ መምህሩና የተራ ተማሪው የዕለት ኑሮ፣ ማለትም በክፍል ውስጥ ምን ይባል እንደነበር፣ ማን ማንን ይፈራ እንደነበር፣ ፍርሃቱስ በምርምር ርእስ ምርጫ ላይ ምን እንዳደረገ፣ ከዚያ ዘመን ጥናቶች ይልቅ በኋላ ከተሰበሰቡ ምስክርነቶች ነው ይበልጥ የሚታወቀው።

1981፦ ከትእዛዝ ወደ ክፍያ

በ1980 መጨረሻ አዲሱ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ ፒኖቼ የረጅም ጊዜ ሥልጣን ካረጋገጡ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲዎችን እንደገና እንዲያደራጁ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጣቸው ድንጋጌ ወጣ። በ1981 መጀመሪያ ተከታትለው የታወጁት ደንቦች የአገሪቱን ከፍተኛ ትምህርት ከመሠረቱ ለወጡት።

የመጀመሪያው እርምጃ መበታተን ነው። የቺሊ ዩኒቨርሲቲ በየክፍለ ሀገሩ የነበሩት ቅርንጫፎች ተቆርጠው ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ሆኑ፤ በሰሜን የታራፓካ፣ በመካከለኛው አገር የቫልፓራይሶና የታልካ፣ በደቡብ የላ ፍሮንቴራ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ተወለዱ። የመንግሥት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በሳንቲያጎ የቀረው አካሉ የሳንቲያጎ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ስሙ ተለወጠ። በመላ አገሪቱ አንድ ስምና አንድ የተማሪ ማኅበር ይዞ ሊንቀሳቀስ የሚችል ተቋም ከዚህ በኋላ አልነበረም። መምህራን የሚሠለጥኑበትና በፖለቲካ ንቃቱ የታወቀው የቺሊ ዩኒቨርሲቲ የፔዳጎጂ ተቋም ከእናቱ ተለይቶ፣ የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ የሌለው አካዳሚ ሆነ።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ በዘፈቀደ የተወሰደ አይደለም። አዲሱ ሕግ በዩኒቨርሲቲ ብቻ ሊሰጡ የሚችሉ 12 ሙያዎችን ዘረዘረ፤ ሕክምና፣ ሕግ፣ የሲቪል ምሕንድስና፣ ሥነ ሕንፃ፣ የጥርስ ሕክምና፣ ሥነ ልቡና እና የመሳሰሉት በዝርዝሩ ገቡ። መምህርነት አልገባም፤ ጋዜጠኝነት አልገባም፤ ሶሲዮሎጂም አልገባም። ዝርዝሩን ለሚያነብ ሰው፣ መንግሥት የትኛውን ዕውቀት ክቡር፣ የትኛውን ተራ ሥልጠና አድርጎ እንደቆጠረ ከብዙ ንግግር በላይ ይገልጽለታል።

ሁለተኛው እርምጃ መክፈት ነው። ትርፍ አልባ ድርጅት እስከሆነ ድረስ ማንኛውም ሰው ዩኒቨርሲቲ ማቋቋም እንዲችል፣ ከሥሩም የሙያ ተቋማትና የቴክኒክ ሥልጠና ማዕከላት ለትርፍ ጭምር እንዲሠሩ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ገበያው ነጻ በተባለበት በዚያው ሕግ፣ አዲስ ዩኒቨርሲቲ የሚከፍት ሰው ለብሔራዊ ደኅንነት ስጋት አለመሆኑን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያረጋግጥለት ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከፈቱት በጣም ጥቂት ናቸው፤ ጎርፉ የመጣው አገዛዙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። በ1990 የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከ300 በላይ ሲሆኑ፣ ወደ 60 የሚጠጉት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ።

ሦስተኛውና ዋናው የገንዘብ ደንቡ ነው። ለነባሮቹ ተቋማት ይሰጥ የነበረው ቀጥተኛ ድጎማ እየቀነሰ እንዲሄድ፣ በአንጻሩ ‹‹ተዘዋዋሪ ድጎማ›› የተባለ አዲስ በጀት እንዲፈጠር ተወሰነ። ይህ ገንዘብ የሚከፋፈለው በብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡ 20 ሺህ ተማሪዎች የትኛውን ተቋም እንደመረጡ እየታየ ሲሆን፣ ውጤቱ ከፍ ባለ መጠን ተማሪው ይዞት የሚመጣው ገንዘብም ከፍ ይላል። የቀረውን ወጪ ተማሪው በክፍያ ይሸፍናል፤ ለነባሮቹ ተቋማት ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ የሚመለስ የመንግሥት ብድር ተዘጋጀ።

በደንቡ ውስጥ ያለውን ስሌት ማስተዋል ያሻል። ከፍተኛ የፈተና ውጤት በብዛት የሚመጣው ጥሩ ትምህርት ቤት ከተማሩ፣ ይኸውም በአብዛኛው የተሻለ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች ነው። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ ሀብታሙን ተማሪ ተከትሎ ሀብታሙን ተቋም ያጠናክራል፤ በየክፍለ ሀገሩ አዲስ የተቆረጡት ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን ተማሪዎች ተቀብለው ያለዚያ ገንዘብ ይቀራሉ። ለዚህ ውጤት ማንም ትእዛዝ መስጠት አላስፈለገውም፤ ደንቡ በራሱ ይሠራዋል።

ታዲያ በየዩኒቨርሲቲው ጄኔራል አስቀምጦ የሚያዝ መንግሥት ለምን ወደዚህ ሄደ? በአገዛዙ ውስጥ ሁለት ቡድኖች ነበሩ። አንደኛው ሥርዓትና ዝምታ የሚፈልገው የጦሩ ወገን ነው። ሁለተኛው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲና የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ስምምነት አሜሪካ ሄደው የተማሩትና ከ1975 ጀምሮ የኢኮኖሚ ፖሊሲውን የተቆጣጠሩት ኢኮኖሚስቶች ናቸው፤ እነርሱ ያለ ክፍያ የሚማሩበትን ዩኒቨርሲቲ ድሆች በግብራቸው ለሀብታም ልጆች የሚከፍሉበት ሥርዓት አድርገው ያዩት ነበር። እነዚህ ወገኖች በብዙ ነገር አይገጥሙም። በ1981ዱ ለውጥ ግን ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ፤ ጦሩ ትልቁን ተቋም ሲበትን፣ ኢኮኖሚስቶቹ ክፍያንና ውድድርን አስገቡ። የፖሊሲው ጥንካሬ ከዚህ መገጣጠም የመጣ ይመስለኛል፤ ‹‹አምባገነን›› የሚለውን ቃል አንድ ፈቃድ ያለው አካል አድርጎ የሚወስድ ጥናት ይህንን ሊያየው አይችልም።

የ1987ቱ ፈተና

የገንዘብ ደንቡ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ትእዛዙም ብቻውን እንደማይሠራ ያሳየው የቺሊ ዩኒቨርሲቲ የ1987 አድማ ነው። በኦገስት ወር ፒኖቼ ኢኮኖሚስቱን ሆሴ ሉዊስ ፌዴሪቺን ሬክተር አድርገው ሾሙ። ፌዴሪቺ ቀደም ሲል የመንግሥት ድርጅቶችን ወጪና ሠራተኛ በመቀነስ የሚታወቁ ስለነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች የሹመቱን ትርጉም ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። መምህራን፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች አንድ ላይ ሥራና ትምህርት አቆሙ፤ የፋኩልቲ ዲኖች ሳይቀሩ ተቃወሙ። በሴፕቴምበር በሳንቲያጎ መሃል ከተማ በተደረገ ሰልፍ አንዲት የሙዚቃ ተማሪ በፖሊስ ጥይት ጭንቅላቷን ተመትታ በተአምር ተረፈች። ከሁለት ወር በላይ የዘለቀው አድማ በኦክቶበር መጨረሻ ፌዴሪቺ ተነሥተው ፈላስፋው ሁዋን ዴ ዲዮስ ቪያል ላራይን ሲተኩ አበቃ።

ይህ በዚያ ዘመን አገዛዙ በግልጽ ካፈገፈገባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነው። ድሉ ግን ወሰን ነበረው። አድማው አንድን ሰው ከወንበር አወረደ፤ በጀቱን የሚያከፋፍለውን ቀመር፣ የተቆረጡትን ቅርንጫፎችና የትምህርት ክፍያውን አልነካም። ለአንድ ሹመት በሺዎች የሚቆጠር ሰው አደባባይ ሊወጣ ይችላል፤ ለድጎማ ቀመር ግን በዚያው መጠን ሰው ማሰለፍ እጅግ ይከብዳል፤ ቀመር ፊት የለውምና።

የቀረው

በ1990 የተመረጠው መንግሥት ብዙ ነገር መለሰ፤ የተባረሩ ምሁራን ወደ ግቢ ተመለሱ፣ ሬክተሮች መመረጥ ጀመሩ። መዋቅሩ ግን ቆመ። ለዚህ የሕጉ የሰባት አራት እጅ ቁልፍ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። በአሥር ዓመት ውስጥ አዲሱ ሥርዓት የራሱን ባለጉዳዮች ፈጥሮ ነበር፤ የግል ተቋማት ባለቤቶች፣ ሕንፃ እያከራዩ ትርፍ አልባ ከሚባለው ዩኒቨርሲቲ ትርፍ የሚያወጡ ተያያዥ ኩባንያዎች፣ በፊት በር ተዘግቶባቸው አሁን እየከፈሉ የሚማሩ ቤተሰቦች ጭምር። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። የለውጡ ደጋፊዎች የተማሪ ቁጥር ከ1980 እስከ 1990 ከእጥፍ በላይ ማደጉን፣ በኋላም ከአንድ ሚሊዮን ማለፉን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ ቁጥሩ እውነት ነው። ጥያቄው ዕድገቱ የት እንደሆነና ማን እንደከፈለው ነው፤ አብዛኛው የሕዝብ ገንዘብ በማያገኙ አዳዲስ ተቋማት የተገኘ፣ ሸክሙም በወላጆችና በተማሪዎች ዕዳ ላይ ያረፈ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨው፣ የዕዳው ሥርዓት የተስፋፋው ፒኖቼ ከሄዱ በኋላ መሆኑ ነው። በ2005 የወጣው ሕግ የግል ባንኮች በመንግሥት ዋስትና ለተማሪዎች እንዲያበድሩ ፈቀደ፤ ሕጉን ያወጣው የተመረጠ ፓርላማ ነው። ስለዚህ በ2006 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በ2011 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመቶ ሺዎች አደባባይ ሲወጡ የተቃወሙት የጄኔራሉን ቅርስ ብቻ አልነበረም፤ ያንን ቅርስ ተቀብለው ያስተዳደሩትን ጭምር እንጂ። ከመካከላቸው በአገዛዙ ጊዜ የተወለዱት እንኳ ያኔ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ አገዛዙን በአካል ያገኙት በየወሩ በሚመጣው የክፍያ ደረሰኝ ነው።

የማርች 1990ው ሕግ በ2009 በሌላ የትምህርት ሕግ ተተካ፤ ስለ ከፍተኛ ትምህርት የሚደነግጉት ብዙዎቹ ክፍሎቹ ግን ወደ አዲሱ ተሸጋገሩ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች ክፍያ ያስቀረው የነጻ ትምህርት መርሐ ግብር በ2016 ተጀመረ። ተማሪዎችና የአስተዳደር ሠራተኞች በተቋማቸው አመራር ውስጥ ድምፅ እንዳይኖራቸው ይከለክል የነበረው አንቀጽ የተሰረዘው ደግሞ በ2015፣ ሕጉ ከታተመ ከ25 ዓመት በኋላ ነው።